በአንጎል ውስጥ ነጭ ነጥብ ሲታይ፦ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ቤተሰብ የንጽጽር መመሪያ

የታናሽ ወንድሜን የሲቲ ስካን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በሆስፒታል ኮሪደር ቆሜ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጌ ነው። በግራጫው አንጎል ውስጥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ድፍን ነጭ ነጥብ ነበረች። ከፊልሙ ጋር የተያያዘው ወረቀት በግራ የአንጎል ክፍል የካልሲየም ክምችት እንዳለ ይናገራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። በዚያው ሳምንት ሦስት ምክር ሰማን። አንዱ የትል መድኃኒት ስጡት አለ፤ ሌላው ወተትና አይብ ከልክሉት አለ፤ ሦስተኛው ጭንቅላቱ ተከፍቶ ካልወጣለት አይድንም አለ። እናታችን ሦስቱንም አምና ነበር፤ ለአንድ ወር ያህል ወተት ከቤታችን ጠፋ።

ለወንድሜ ሦስቱም የሚሆኑ አልነበሩም። የትል መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው ግን ለሌላ ሕመምተኛ ትክክለኛ ምርጫ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ የወተቱ ምክር ብቻ ለማንም አይሆንም። ምርጫውን የሚወስነው ነጥቧን ትቶ የሄደው ነገር ነው። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ያለችውን ገንዘብ በየትኛው ምርመራና በየትኛው ሕክምና ላይ እንደሚያውል ለጨነቀው ቤተሰብ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ከወንድሜ ጎን ወረፋ እየጠበቅሁ የጠየቅሁትንና ያነበብሁትን ነው የማካፍለው።

ነጥቧ ምንድን ናት?

ሰውነት ሊያስወግደው ያልቻለውን የሞተ ነገር በካልሲየም ይገንዘዋል። በአንጎል ውስጥ የሞተ የትል እጭ፣ የዳነ የቲቢ ቁስል ወይም የቆየ ጉዳት በዚህ መንገድ ወደ ጠጠርነት ይለወጣል። ጠጠሩ ራሱ ሰውን አይጥልም። ችግሩ ያለው በዙሪያው በቀረው ጠባሳና በየጊዜው በሚቆጣው የአንጎል ክፍል ላይ ነው፤ በዚያ ጠርዝ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ስተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሡ የሚጥለው ሕመም ይነሣል። ካልሲየም ብቻም አይደለም። በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ሲደርቅ ብረት ትቶ ይሄዳል፤ ብረትም የነርቭ ሕዋሳትን እንደሚያውክ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን «ነጥቡ የሚያሳስብ ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። በአንጎል መሐል ባለችው የፓይኒያል ዕጢ፣ የአንጎልን ፈሳሽ በሚያመነጨው ሕብረ ሕዋስና በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መሐል ባለው ሽፋን ላይ ካልሲየም መገኘቱ በብዙ ጤነኛ አዋቂዎች ዘንድ ያለ ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋም በአንጎል ጥልቅ ክፍል ትንሽ ትንሽ ይታያል። እነዚህ ሰውን አይጥሉም። ወረቀቱ የእነዚህን ቦታዎች ስም ብቻ ከጠራ፣ የሕመሙ ምንጭ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ማን ተወው?

በዓለም ዙሪያ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የአሳማ ኮሶ ትል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትሉ በተስፋፋባቸው ብዙ አካባቢዎች ከሚጥል በሽታ 30 በመቶ ያህሉ ከዚህ ትል ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገልጻል። ላቲን አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያና በርካታ የአፍሪካ አገሮች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን አንድ መምታታት አለ። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ስንበላ የሚይዘን ኮሶ የከብት ኮሶ ነው፤ እርሱ አንጀት ውስጥ ይኖራል እንጂ አንጎል ውስጥ ነጥብ አይጥልም። ስለዚህ «ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ ነው» እያሉ ሕመምተኛውን መውቀስ መሠረት የለውም።

በተቃራኒው ደግሞ «የአሳማ ሥጋ በልቶ ስለማያውቅ ይህ ትል ሊሆን አይችልም» ማለትም አያስኬድም። አንጎል ውስጥ የሚገባው እጭ የሚመጣው ከሥጋው አይደለም፤ ትሉ ያለበት ሰው ሰገራ በነካው እጅ፣ ውኃ ወይም አትክልት በኩል ከሚዋጥ እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ከኒውዮርክ የተዘገበ ጉዳይ አለ፤ ሃይማኖታቸው አሳማ በማይፈቅድላቸው ኦርቶዶክስ አይሁዶች መካከል አራት ሰዎች በዚህ እጭ ታመው ተገኙ። ምንጩ ትሉ ከተስፋፋባቸው አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች እንደሆኑ ተገመተ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ በማይበላበት አገራችን ይህ መታወስ አለበት። በተለይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወይም አሳማ ተለቅቆ ወደሚረባበት ሌላ አገር ለሥራ ሄዶ የተመለሰ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይንገር።

እኛ አገር ከትሉ በፊት የማስበው ቲቢን ነው። የዳነ የአንጎል ቲቢ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ወንድሜ በልጅነቱ የአንገት ቲቢ ታክሞ ነበር፤ ያን ለሐኪሙ የነገረችው እናቴ ናት፣ ያውም ልንወጣ ስንል በሩ ላይ ቆማ። ሐኪሙ የነጥቧን ምንጭ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ጠረጠረው። የድሮ የሕክምና ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌሎቹን ባጭሩ ላንሣ። ፊቱ ላይ ከልደት ጀምሮ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ምልክት ያለበትና በአንድ ወገን የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ስተርጅ ዌበር የሚባለው ሕመም ይጠረጠርለታል፤ በዚህ ሕመም ካልሲየሙ የአንጎልን እጥፋት ተከትሎ እንደ ባቡር ሐዲድ ተሰምሮ ይታያል። ቆዳው ላይ ነጣ ያሉ ምልክቶች ያሉት፣ እድገቱ የዘገየና በአንጎሉ ብዙ ነጥቦች የታዩበት ልጅ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ እንዳለበት ይመረመራል። ቀስ ብለው የሚያድጉ አንዳንድ ዕጢዎችም ካልሲየም ይይዛሉ። በሁለቱም ወገን በኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚታይ ካልሲየም ደግሞ ከስንዴና ከገብስ ፕሮቲን ጋር ከማይስማማ አንጀት ጋር አብሮ ይገኛል፤ ይህ በብዛት የተገለጸው በጣሊያን ነው። ያ ሕመም ለተረጋገጠበት ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ የሚስማማ ምግብ ነው፤ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ግን ጉዳቱን ያስቀጥላል።

ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ ኢኢጂ ወይስ የደም ምርመራ?

ገንዘብ ለአንድ ምስል ብቻ የሚበቃ ከሆነና ጥያቄው «ካልሲየም አለ ወይ?» ከሆነ ሲቲ ስካን ይበልጣል። በደቂቃዎች ያልቃል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ካልሲየምንም አያመልጠውም። ጨረር አለው፤ የአንድ ጊዜ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ጨረር ሰው በአንድ ዓመት ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ አንድ ጊዜ መነሣቱ አያስፈራ። በየስድስት ወሩ «ነጥቡ ጠፍቶ እንደሆነ እንይ» እያሉ ልጅን ማስነሣት ግን አይገባም።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ አንጎሉን ራሱን፣ ጠባሳውንና እብጠቱን አጥርቶ ያሳያል። የሚገርመው፣ ተራው ኤምአርአይ ትንሽ ካልሲየም ሊያልፈው ይችላል። ኤስደብልዩአይ የሚባለው ተጨማሪ ምስል ግን ካልሲየምንና የቆየ ደምን ያወጣል፤ መሣሪያው ከፈቀደም ሁለቱን ይለያል። ስለዚህ ኤምአርአይ ከመክፈልዎ በፊት ይህ ምስል ይካተት እንደሆነ ይጠይቁ፣ የሲቲውንም ፊልም ይዘው ይሂዱ። እኔ ኤምአርአይን የምመርጠው ሕመሙ በመድኃኒት አልገታ ሲል፣ ዕጢ ሲጠረጠር፣ ወይም ስለ ቀዶ ሕክምና ወሬ ሲነሣ ነው። በብድር ከመነሣት በፊት ግን ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናውን ይለውጠዋል?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ኢኢጂ ነጥብ አያሳይም፤ የሚያሳየው የአንጎልን ኤሌክትሪክ ነው። የግማሽ ሰዓት ምርመራ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ምንም አልታየም ማለት ብቻ ነው። ከኢኢጂ ጎን የማስቀምጠው፣ ምንም የማያስከፍል አንድ ማስረጃ አለ፤ ሕመሙ ሲነሣ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ። ወንድሜን ሲጥለው መጀመሪያ የቀኝ ከንፈሩ ጥግ ይሳባል፣ ቀጥሎ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ወደ መዳፉ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው መላ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጠው። ሐኪሙ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መልሶ አየው። የቀኝ እጅን የሚያዝዘው የአንጎል ግራ ወገን ነው፣ ነጥቧም በግራ ናት፤ ተገጣጠመ። ባይገጣጠም ኖሮ ነጥቧ ከሕመሙ ጋር የማትገናኝ የድሮ ጠባሳ ልትሆን ትችል ነበር። የብዙ ሰው አንጎል እንዲህ ያለ ነጥብ ይዞ ምንም ሳይሆን ይኖራል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው፣ ከሁሉም ርካሽ ወደሆነው የደም ምርመራ ልምጣ። በአንድ የቀጠሮ ቀን አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን ስታስተካክል አንገቷ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ አየሁ። እንቅርት ከተቀደደላት በኋላ ከንፈሯና የጣቶቿ ጫፍ ይደነዝዙ ጀመር፤ ጣቶቿ ጥርቅም ብለው ይታጠፉ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ መጣል ጀመራት። የሚጥል በሽታ ክኒን ቢጨመርላትም አልበጀም። ከእንቅርት ዕጢ ጀርባ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ አራት የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አሉ፤ በቀዶ ሕክምና ከተጎዱ የደም ካልሲየም ይወርዳል፣ ፎስፌት የሚባለው ሌላው ማዕድን ይጨምራል። ውጤቱ ለሰሚ ግራ ነው፦ ደም ውስጥ ካልሲየም እያነሰ በአንጎል ጥልቅ ክፍል በሁለቱም ወገን ይከማቻል፤ ሰውየውን የሚጥለው ግን በዋነኛነት የደሙ እጥረት ነው። ወተት መከልከል የዚህችን ሴት ክምችት አያጠፋም፤ በደሟ የጎደላት ካልሲየም ነውና። መድኃኒቷ ካልሲየምና ሰውነት በቀጥታ የሚጠቀምበት የቫይታሚን ዲ ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን የሚባሉት የሚጥል በሽታ ክኒኖች ቫይታሚን ዲን ቶሎ ስለሚያፈርሱ ለእርሷ ዓይነቱ ሰው ምርጫው ይለወጣል።

እንቅርት በበዛበት አገር ይህን ማለፍ አይገባም። በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ቦታ ካልሲየም ከታየ የካልሲየም፣ የፎስፌት፣ የማግኒዚየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ከኤምአርአይ መቅደም አለበት። የደሙ ውጤት ደህና ሆኖ ወላጅ ወይም ወንድም እኅትም ተመሳሳይ ክምችት ካለው፣ ፋር በሚል ስም የሚታወቀው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ይታሰባል።

ትሉን መግደል ወይስ መተው?

ድፍን ነጭ ጠጠር ከሆነ ትሉ ሞቷል። የሞተውን አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት ዳግም አይገድለውም። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎችና የትሮፒካል ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መመሪያም ወደ ጠጠርነት ለተለወጠ እጭ የሚመክረው የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ብቻ ነው። እጩ በሕይወት ካለ፣ ማለትም በምስሉ ላይ በፈሳሽ የተሞላ ከረጢት ወይም ዙሪያው ያበጠ ቁስል ከታየ፣ የትል መድኃኒት ቦታ አለው፤ ያውም በሐኪም ክትትል፣ እብጠትን ከሚያበርድ መድኃኒት ጋር፣ ዓይን አስቀድሞ ታይቶ። ከፋርማሲ ገዝቶ በቤት መጀመር በአንጎል ውስጥ እብጠት አስነሥቶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

«ሞቶ ከሆነ ታዲያ ለምን ይጥለዋል?» ብላ እናቴ ጠይቃለች። በፔሩ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት መልስ ይሰጣል። ጠጠር ብቻ ካላቸው ሰዎች መካከል ሕመሙ እንደገና በተነሣባቸው ግማሾቹ ላይ በጠጠሩ ዙሪያ እብጠት ተገኘ፤ ባልተነሣባቸው ዘንድ ግን ከአሥር አንድ አይሞላም። የሞተው ነገር ለዓመታት ጸጥ ብሎ ቆይቶ ዙሪያው ይቆጣል።

መጀመር ወይስ መጠበቅ? የትኛውን ክኒን?

አንድ ጊዜ ብቻ ለጣለው ሰው ብዙ ሐኪሞች «እንጠብቅ» ይሉ ነበር። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ፍቺ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የጣለው ሰውም ቢሆን በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመደገሙ ዕድል 60 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው እንዳለበት ይቆጠራል። ከሕመሙ አነሣስ ጋር የሚገጣጠም ነጥብ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። እኔ በዚህ ሁኔታ መጀመርን እመርጣለሁ፤ አንድ መውደቅ ከምድጃ ወይም ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቢሆን የሚያደርሰውን አይቻለሁና።

ከነጥብ የሚነሣ ሕመም ከአንድ የአንጎል ቦታ የሚጀምር ዓይነት በመሆኑ ካርባማዘፒን ጥሩ መነሻ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ ሲጀመር ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ በገጠር ጤና ጣቢያም ይገኛል፣ ማታ አንድ ጊዜ መውሰድ ይበቃል፤ ለሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ለረመዳን ጿሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፉ ጎኑ ማንቀላፋቱ ሲሆን፣ ተማሪን ያፈዛል፣ አንዳንድ ልጆችን ደግሞ ያነጫንጫቸዋል። ፌኒቶይን ይሠራል፣ ግን ድድ ያሳብጣል፣ መጠኑም ትንሽ ካለፈ ሰው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሌቬቲራሴታም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አይጋጭም፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ በአንዳንዱ ሰው ላይም ቁጣና መከፋት ያመጣል። ቫልፕሮዬት ልትወልድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ መሰጠት የለበትም፤ በእርግዝና ከተወሰደ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል የአካል ጉዳት ይዞ ይወለዳል።

ካርባማዘፒን፣ ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን የወሊድ መከላከያ ክኒንን ያዳክማሉ፤ ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ከዶልቴግራቪርም ጋር ይጋጫሉ። የሚወስዱትን ሁሉ ይናገሩ። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሁለቱ ክኒኖች እኩል ከመሰሉዎት ያለ ማቋረጥ በየወሩ የሚያገኙትን ይምረጡ። ከውጭ ዘመድ የሚልከው ምርጥ መድኃኒት አንድ ወር ቢዘገይ፣ በድንገት መቋረጡ ካለመጀመር የባሰ ነው።

ጸበልና ክኒን በቤታችን ተፎካካሪ አይደሉም። ወንድሜ ጸበል ይሄዳል፣ ክኒኑን በኪሱ ይዞ። የምንጠነቀቀው ለእንቅልፉ ነው፤ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሌሊት በማግሥቱ ይጥለዋል። ሲጥለውም ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ እጁን መፈልቀቅና በአፉ ማንኪያ ማስገባት አይጠቅመውም፤ በጎኑ አስተኝቶ ሰዓት መያዝ ነው፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና መውሰድ።

ቀዶ ሕክምና ወይስ በክኒን መቀጠል?

ከሕመምተኞች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በትክክለኛ መድኃኒት ያለ መውደቅ መኖር ይችላሉ። በአግባቡ የተመረጡና በቂ መጠን የተሰጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልገቱት ብቻ የቀዶ ሕክምና ጥያቄ ይነሣል። ያኔም ነጥቡ አንድ ከሆነ፣ ኢኢጂውና አነሣሱ ወደዚያው ካመለከቱ፣ ቦታውም የንግግርን ወይም የእጅን ሥራ የማይነካ ከሆነ ነው። ብዙ ነጥብ ላለበት፣ በሁለቱም ወገን ክምችት ላለበትና ደሙ ካልሲየም ላነሰው ሰው ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሆንም። ዕጢ ከተጠረጠረ ግን ሁለት ክኒን እስኪሞከር መጠበቅ የለም።

መቼ ይቆማል?

ሁለት ዓመት ሳይጥለው የቆየ ሰው ክኒኑን ቀስ በቀስ ስለማቆም ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ይችላል። ነጥብ የቀረበት ሰው ግን ሲያቆም የመመለሱ ዕድል ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ መልሱ እንደ ሰውየው ኑሮ ይለያያል። መኪና የሚነዳና ቤቱ የሚውል ሰው ስለ አንድ መውደቅ እኩል አይፈሩም።

ወንድሜ ሦስት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ በኋላ ሐኪሙ የድሮውንና የቅርቡን ፊልም በመብራት ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሰቀለው። ነጥቧ አላደገችም፣ አልቀነሰችምም። ሐኪሙ «ምርጫው ያንተ ነው» አለው። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው መርፌ አጠገብ ናቸው። ጥቂት ዝም ብሎ «እቀጥላለሁ» አለ። ሁለቱ ፊልሞች አሁን በአንድ ቡናማ ፖስታ ውስጥ፣ ከክሮቹ ጋር በመሳቢያው ተቀምጠዋል።